አክስቴ አስካለ ግድግዳ አስፈርሳ የሰቀለችው

ነጭ ቀለም ሁሉ አንድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ቁጭ በሉ፣ ላስረዳችሁ። ቢጫ ቢጫ የሚል ነጭ አለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ፣ ሱቅ ውስጥ ወተት መስሎ ቤት ሲደርስ አመድ የሚሆንም አለ። ይህን የተማርኩት ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ፣ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ ነው። ሳቁ! እጄ የመኪና ቁልፍ ይቀበላል፣ ልቤ ግን ቀለም ቀቢ ነው።

ሶ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ የምትኖረው አክስቴ አስካለ በማድ ቤቷና በሳሎኗ መካከል ያለውን ግድግዳ አስፈረሰች። ጎረቤት ሁሉ አስፈርሷላ! ግድግዳው ሲወርድ ግን ወዲያ አረንጓዴ ማድ ቤት፣ ወዲህ ሮዝ ሳሎን፣ እንደ ተጣላ ጎረቤት ተፋጠጡ።

«አንተ ታውቅበት የለ፣ አስታርቅልኝ» አለችኝ። «እሑድ ጋሼ ታደለ ምሳ ይመጣሉ።»

ጋሼ ታደለ አሮጌ ቤት እየገዙ አድሰው የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሥራዬን ካዩልኝ ከመኪና ቁልፍ ተገላገልኩ ማለት ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ሁለቱንም ክፍል በአንድ የግድግዳ ቀለም ታያይዛላችሁ፤ የማድ ቤቱን የዕቃ ሳጥኖች ከዚያው ዘር ጠቆር ታደርጋላችሁ፤ ሦስተኛ ቀለም መርጣችሁ ወዲህም ወዲያም ጣል ጣል። ግድግዳውን የገብስ ዱቄት፣ ሳጥኖቹን የተቆላ ሽምብራ አስመሰልኩ፤ ሦስተኛውን፣ ቀዩን፣ ሶፋው ላይ በትራስ፣ ምድጃው አጠገብ በበርጩማ ደገምኩት። የግድግዳውን ቀለም ናሙና ወረቀት ጠዋትም ቀትርም ማታም ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሳላይ አልጀመርኩም። (በኋላ ጠፋችብኝ እንጂ።) ሦስት ቀን ቀባሁ። ዓይናችሁ ከሶፋው ተነስቶ ምድጃው ድረስ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ቤቱ አንድ ሆነ!

እሑድ ስመጣ፣ ግድግዳው በነበረበት ቦታ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ መጋረጃ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እንግዳ ድስቴን ይቁጠር?»

«ታዲያ ግድግዳውን ለምን አስፈረስሽው?»

«እንዲሰፋልኝ ነዋ!»

ታጥቦ ጭቃ! ደሜ ፈላ፣ አሁን ስጽፈውም ይፈላል። እኛ እኮ ግድግዳ እናፈርሳለን እንጂ ጓዳ አናፈርስም። ከሥራ ስንባረር «ዕረፍት ላይ ነኝ»፣ ስንታመም «ትንሽ ጉንፋን»። አሁን ደግሞ ሽንኩርት መክተፋችን እንዳይታወቅብን! ዶሮ ወጡ ከሰማይ የወረደ ሊመስላቸው ነው?

ጋሼ ታደለ ገቡ። ገና ሳይቀመጡ መጋረጃውን ዳበስ አደረጉት።

«አስካለ፣ ከግድግዳው ጋር እንዴት ገጠመ! ማን መረጠው?»

«እኔ ነኛ!» ብላ የጠፋችብኝን የናሙና ወረቀት ከቦርሳዋ መዘዘች። ለካ እሷን ይዛ ኖሯል ጨርቅ ቤት የሄደችው።

«ዓይን አለሽ። ክሬንሾው ሰፈር ላለው ቤቴ ቀለም ምረጪልኝ። ቀቢስ ታውቂያለሽ?»

አክስቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ከሰኞ ጀምሮ እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እቀባለሁ። ኦኬ፣ ከመኪና ቁልፍ ተገላግያለሁ፤ አልክድም። ንዴቴ ግን አልበረደም። ያኛውም ቤት ማድ ቤቱና ሳሎኑ ክፍት ነው፤ ትናንት ሜትር ይዛ መጥታ ከጣሪያ እስከ ወለል ስትለካ አይቻታለሁ።