ቢጫዋ ምልክት የሄደች ሰሞን

ሰው በተኛበት ቤቱ የሚገባ ሁሉ ሌባ አይደለም። አንዳንዱ አሻሻይ ነው። ሌባ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ ግን ሌባ ቢያንስ «ለእርስዎ ምቾት ሲባል» የሚል ማስታወሻ ትቶ አይሄድም። እናንተም ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ ታውቁታላችሁ፤ የለመዳችሁት ሳሙና ሽታው ይለወጣል፣ የለመዳችሁት ሚኒባስ መነሻውን ይቀይራል፣ በስማችሁ ይጠራችሁ የነበረው የቢሮ ሰው ተነስቶ በቦታው የማይሰማ የመስታወት መስኮት ይደረጋል፤ ለምን ስትሉ መልሱ አንድ ነው፣ ተሻሽሎ ነው። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም የኋላ ቀር ሥራ ይሆናል። ይህ የምነግራችሁ ዘመን ደግሞ በተለይ የማሻሻያ ዘመን ነበር። ቀበሌ ይሰበስበንና ባለቀ ነገር ላይ ያወያየናል፤ እኛም እጃችንን አውጥተን እንደግፍና ከአዳራሹ ስንወጣ በር ላይ ቆመን እናማዋለን። ቢሆንም መጠራቱ ራሱ አንድ ነገር ነበር። ኮምፒውተር ግን ለስብሰባ እንኳ አይጠራችሁም።

እኔ በዚያ ጊዜ ወልቂጤ ላይ፣ ከመናኸሪያው ፈንጠር ብሎ፣ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ያረጁ ኮምፒውተሮች፣ አንድ የሚጮህ ጄኔሬተር፣ ደስ ሲለው የሚመጣ መስመር። ደንበኞቼ ከጉብሬ በባጃጅ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። እና ወይዘሮ ዘነበች።

ወይዘሮ ዘነበች በገበያ ቀን ከቸሃ ቆጯቸውን ይዘው መጥተው ይሸጡና፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በግድግዳው በኩል ያለችው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። ልጃቸው ሰናይት ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከመሄዷ በፊት እናቷን ይዛ መጥታ፣ በዚያችው ኮምፒውተር ፎቶ የምታወጣበትን የራሷን ገጽ ከፍታ፣ ብራውዘሩ አናት ላይ በነበረችው ረድፍ አንዲት ትንሽ ቢጫ ምልክት አስቀመጠችላቸው። ረድፏን የምታስታውሱ ታስታውሷታላችሁ፤ ሰው ደጋግሞ የሚሄድበትን ገጽ እዚያ ያኖርና አንዴ ነክቶ ይደርስበታል። «እማ፣ ይቺን ብቻ ንኪ። እኔ እዚያ ነኝ» አለቻቸው። ወይዘሮ ዘነበች ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢጫዋን ግን ከግራ በኩል ሦስተኛዋ እንደሆነች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ይነኳታል፣ የልጃቸው ፎቶ ይመጣል፣ ወንበራቸውን አስጠግተው ያያሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። ማንንም እርዱኝ አይሉም። ስክሪኑንም በነጠላቸው ይከልሉት ስለነበር እኔ አንድም ፎቶ አይቼ አላውቅም። መንደር ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ «ሰናይት እንዴት ናት?» ሲላቸው «ደህና ናት፣ ተመስገን» ይላሉ። ከልጃቸው ጋር ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳያይ የሚገናኙት በዚያች ወንበር ላይ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቤቴን ከፍቼ ኮምፒውተሮቹን ሳስነሳ ብራውዘሩ ራሱን አፕዴት አድርጎ ጠበቀኝ። መልኩ ጸድቷል። ረድፏ የለችም። ተማሪዎቹ ትንሽ ተሳድበው በዚያው ለመዱት፤ የተማሪ ነገር፣ ዶርሙንም የሚለምደው እንደዚሁ ነው። እኔ ስፈልግ ስፈልግ አገኘኋት። ጥግ ላይ ያለች ምልክት ትነካላችሁ፣ ዝርዝር ይወርዳል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር ይወጣል፤ እዚያ ውስጥ የሰናይት ገጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ተጽፎ፣ ቢጫው ጠፍቶ፣ ከሌላው ጋር ተደርድሮ ተቀምጧል። ለሚያነብ ሰው ጠፋ አይባልም። ለወይዘሮ ዘነበች ግን ጠፍቷል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብዬ በዚያ በሚቆራረጥ መስመር አሮጌውን ብራውዘር ፈልጌ መለስኩት፤ በማግስቱ ራሱን አድሶ አገኘሁት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

በገበያ ቀን መጡ። እኔ ጄኔሬተሩ ላይ አጎንብሼ ነበር። በመስኮቱ ሳያቸው ማውሱን ቀስ አድርገው ቢጫዋ ወደነበረችበት ቦታ ወስደው ባዶውን ነኩት። ደግመው ነኩት። እጄን ጠርጌ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ገበያ አንድ ተማሪ ግድግዳው ጋ ያለውን ኮምፒውተር ሲፈልግ «እማማ፣ ዛሬ እዚያኛው ወንበር ቢሆንልዎስ?» ብያቸው ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ እሳቸውም «የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል» ብለው በዚያው አለፈ። አላለፈም ለካ። በኛ አገር ጨዋ ሰው ውጣ አይባልም፤ ወንበር ቀይር ይባላል፣ የቀረውን እሱ ይረዳዋል። ወይዘሮ ዘነበችም ተረዱ። «ወንበር ልቀቂ ብሎኝ እምቢ ስለው መንገዴን ዘጋብኝ» አሉ። መጥተው አልጨቀጨቁኝም። ሽማግሌ ላኩብኝ።

ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጥተው በር ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ፤ ነገሩ ሳያልቅ አይቀመጥም። አፈ ጉባኤያቸው አባባ ሳህሌ በትራቸውን ተደግፈው ከጀፎረ ጀመሩ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሐል የተዘረጋው ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ ነው። ከብት ይወጣበታል፣ ሰርግ ያልፍበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው መንደር ሙሉ ይነሳበታል።

«ልጄ፣ ሰው ካጠፋ ይነገረዋል። መንገድ ግን አይዘጋበትም» አሉኝ። «ይቺ ሴት ልጇ ጋ የምትደርስበት መንገድ እሱ ብቻ ነው።»

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም የዘጋሁት። ውጭ አገር ያሉ፣ ብራውዘሩን የሠሩት ሰዎች ናቸው።»

«አንተን ሳይጠይቁ?»

«ሳይጠይቁ።»

«ቤቱ ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው። ኮምፒውተሩም የኔ ነው።»

«ታዲያ?»

ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሳየኋቸው፤ ረድፏ ከሁሉም ላይ የለችም። ተያዩ። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ተቀመጡና ሻይ ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ በጉራጊኛ ሲነጋገሩ ቆይተው አባባ ሳህሌ ፍርዱን ተናገሩ።

«የዘጉትን ሰዎች አናገኛቸውም። አንተን ግን አግኝተንሃል» አሉ። ወይዘሮ ዘነበች ሲመጡ እኔ እየከፈትኩላቸው፣ ከከፈትኩ በኋላ ፊቴን እንዳዞር ተወሰነ። ፍርዱ ትክክል ነው አልልም። ባጠፋው ፈንታ የተገኘው ሲከፍል ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ አይደለምና ተቀበልኩ።

ወይዘሮ ዘነበችም ደስ ሳይላቸው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ በየገበያው እኔ ጥጉን እነካለሁ፣ ዝርዝሩን አወርዳለሁ፣ ገጹን እከፍትና ወደ አስፋልቱ ዞሬ ባጃጅ አያለሁ። ከጀርባዬ እስትንፋሳቸውን እሰማለሁ። አፈርኩላቸው፤ በሰው እጅ ወደ ልጅ መድረስ ለሳቸው ቀላል አልነበረም። አሻሻዮቹንም በልቤ እረግማለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን እንደዚያው ዞሬ ቆሜ ሳለ «ዙር» አሉኝ።

ዞርኩ። ነጠላቸውን ከስክሪኑ ላይ አንስተውታል።

«እያት» አሉ። «አንተም እያት።»

ሰናይት ሰው ኩሽና ውስጥ ቆማ ፈገግ ብላለች። ከመሄዷ በፊት የማውቃት ፊቷ ሙሉ ልጅ ነበረች።

«ከስታለች?»

ፎቶ ያከሳል ልል አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። እኛ ኢንተርኔት ቤት የከፈትን ሰዎች እንዲህ ዓይነት መልስ አናጣም። ሆኖም እሳቸው ፎቶውን ትተው እኔን እያዩኝ ነበር።

«ከስታለች፣ እማማ።»

ከዚህ በፊት ያለውን ክፈት አሉኝ፣ ከፈትኩ። ከዚያም በፊት ያለውን አሉኝ። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ልጅቷ ትሞላለች፣ ልብሷ ልኳ ይሆናል። ወይዘሮ ዘነበች አላለቀሱም።

«ካየሁት ቆይቷል» አሉ። «ብቻዬን ስለሆንኩ ዓይኔ ነው፣ አርጅቼ ነው እያልኩ ነበር። ማንን እጠይቃለሁ።»

ስንት ገበያ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያን ሲያዩ ኖረው፣ መንደር ገብተው «ደህና ናት» ሲሉ እንደከረሙ እግዜር ይወቀው። ያቺ ረድፍ ባትነሳ ኖሮ ዛሬም ብቻቸውን እያዩ ይሆን ነበር። ይህን ስላችሁ አሻሻዮቹን አመሰግናለሁ ማለቴ አይደለም፤ ወይዘሮ ዘነበችን አያውቋቸውም፣ አስበውም አላደረጉትም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ እርግማኔ እንደ ድሮው አልሞላልኝም።

«ጻፍልኝ» አሉ።

«ምን ልበል?»

«ነይ በላት። ገንዘቡ ይቅር፣ ቤቱ አለ፣ እንሰቱም አለ፣ ነይ።»

ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል አልነበረውም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምንም አድርጌ ጻፍኩት። ልልከው ስል እጄን ያዙኝ።

«የቱ ነው የሚልከው?»

አሳየኋቸው። ማውሱን ተቀበሉኝ፣ ቀስ አድርገው ወሰዱት፣ ራሳቸው ነኩት። ጽሑፉ ሄደ። ወይዘሮ ዘነበች ከስክሪኑ ጠርዝ ጀምረው ጣታቸውን እያስጠጉ፣ መላኪያዋ ምልክት ያለችበትን ቦታ ለኩ፤ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከቀኝ።

«ይቺንስ አያነሱብኝም?» አሉኝ።

አያነሱም ብዬ ልማልላቸው አልቻልኩም።