መውረድ ድንጋይም ይችላል

ደስታ ባለበት ሁሉ «ይቅርባችሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ትቶ የመድረኩን ምስማር የሚፈትሽ፣ ሽርሽር በወጣን ቀን ደመና የሚቆጥር፣ ሊፍት ውስጥ ስንገባ «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብሎ የሚጠይቅ። ዘመድ ከሆነ እንታገሠዋለን፤ ጎረቤት ከሆነ ሰላምታ እናሳጥራለን። የእኔ ዕጣ ግን ከሁሉም ባሰ። የእኔው ሰውዬ የባሕር ጠላቂዎች አስተማሪ ናቸው።

ክቡር መምህር ጋሽ ይቅር ይባላሉ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ወደቡ ላይ ግን በእሱ የሚጠራቸው የለም። ትምህርት ቤታቸው አሮጌ የዕቃ ኮንቴይነር ነው። በሩ አጠገብ እርጥብ የጎማ ልብስ ተሰቅሏል፤ ከጀርባ የአየር መሙያው ሞተር ሲያጓራ ይውላል። የሚተዳደሩት ሰው ባሕር ውስጥ በማስገባት ነው፤ ቀናቸውን የሚያሳልፉት ግን ሰው ባሕር እንዳይገባ በመከልከል ነው።

ከእሳቸው ጋር ያገናኘችኝ ታናሽ እህቴ ናት። የጥርስ ሐኪም ስለሆነች ፍርሃትን የምታውቀው በሌላ ሰው ፊት ላይ ብቻ ነው። ጥልቅ ውሃ መጥለቅ ልማር ስትል እናታችን «ብቻዋን እንዳትሄድ» ብላ እኔን አስከተለቻት። እኔ ዋና አልችልም። አንድ ነገር ብትሆን ምን እንደማደርግ እናቴም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስለ መውጣት ነበር። ሁለተኛውም። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ተጫዋች የሆነ የሒሳብ አስተማሪ፣ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ መውረድን መቼ ነው የምንማረው?» አለ።

«መውረድ ድንጋይም ይችላል» አሉ ጋሽ ይቅር፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «እኔ የማስተምረው መመለስን ነው።»

ከዚያ ስረዛው ተከተለ። አንድ ቀን አብሮን የሚማር ጠበቃ አፍንጫው ስለታፈነ ቀረን፤ «ጆሮህ ይፈነዳል፤ ይቅርብህ።» ሌላ ቀን ባልና ሚስት ተኳርፈው መጡ። ጋሽ ይቅር ከመኪና አወራረዳቸውን በመስኮት አይተው አወቁባቸው። «አየር ያለቀበት ሰው የሚተነፍሰው ከጓደኛው ነው። እናንተ ዛሬ ጨው እንኳ አትበዳደሩም፤ ይቅርባችሁ» ብለው ሸኟቸው። ባሕሩ መስታወት መስሎ በተኛበት ቀን ደግሞ ምክንያት አጥተው ሲንቆራጠጡ ቆዩና «እንዲህ ሲያምር አላምነውም» አሉ።

ከወደቡ ማዶ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። አስተማሪው ዶልፊን የሚሉት፣ ደረተ ሰፊ፣ ሳቂታ ወጣት ነው፤ ምንም ነገር አይሰርዝም። የሒሳብ አስተማሪው ትዕግሥቱ አልቆ ወደ እሱ ሄደ። እህቴም በሚቀጥለው ሳምንት ልትከተለው ወስና ነበር።

ሳምንቱ ሳይደርስ የሒሳብ አስተማሪው ሞተ።

ዶልፊን ከሚችለው በላይ ተማሪ ይዞ ወደ ጥልቁ ወርዶ ነበር። እዚያ ታች አየር ቶሎ ያልቃል። የሒሳብ አስተማሪው የአየር ሲሊንደር ባዶ ሲሆን አጠገቡ ሆኖ ያየው ሰው አልነበረም። ደንግጦ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ ተፈተለከ። በሳንባ ውስጥ የታፈነ አየር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እያበጠ ይሄዳል፤ ሳንባውን ቀደደው። ጋሽ ይቅር የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸክመው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ሮጡ። ደርሰው ተንበረከኩ። አልተረፈም።

ሁላችንም «ብዬ ነበር» እስኪሉ ጠበቅን። እንዲህ ዓይነት ሰው ይህችን ቃል ለዓመታት ሲያጠራቅም ነው የሚኖረው። አላሏትም። አንድ የወደብ ሠራተኛ «ራሱ ነው የቸኮለው» ሲል ዞር ብለው «አየር ያለቀበት ሰው ይቸኩላል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አሉት። ከዚያ ዶልፊን ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ወደተቀመጠበት ሄዱና አጠገቡ ቁጭ አሉ። ፖሊሶች መጥተው እስኪወስዱት ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም።

እህቴ ማዶ አልሄደችም። ለብዙ ጊዜ የባሕርን ነገርም አላነሣችም። አንድ ጠዋት «እጨርሰዋለሁ» አለችኝና ወደ ኮንቴይነሩ ተመለስን። ጋሽ ይቅር በነፋስ፣ በማዕበል፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ አንድ ጊዜም በማርፈዷ ምክንያት ሲሰርዙ ከርመው፣ በመጨረሻ ይዘዋት ወረዱ።

እኔ ጀልባው ላይ ከነጂው ጋር ቀረሁ። የእህት ትንፋሽ አረፋ ሆኖ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ማየትን ማንም አያስተምርም። አረፋው ሲበዛ እፈራለሁ፤ ሲያንስም እፈራለሁ። ነጂው «ተቀመጥ እንጂ፣ ጀልባዋን አናወጥካት» አለኝ።

ከታሰበው ቀድመው ወጡ። እህቴ መነጽሯን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረች። «ደህና ነበርኩ። ምንም አልሆንኩም። ገና ደስ ሊለኝ ሲል መለሱኝ።»

«እዚያ ታች አየሩ ራሱ ያሰክራል» አሉ ጋሽ ይቅር ጀልባው ላይ ወጥተው እያለከለኩ። «የሰከረ ደግሞ ደህና ነኝ ነው የሚለው።» ውሃ ውስጥ የሚጽፉባትን ትንሽ ሰሌዳ ሰጡኝ። «ከሃምሳ ወደ ኋላ ቁጠሪ ብዬ ጻፍኩላት። ምን ብላ እንደመለሰች አንብበው።»

በእህቴ እጅ ጽሑፍ «ጥርስህ ያምራል» ይላል።

«አንተ ማለቷ ግድ የለም» አሉ። «አፌ ውስጥ ግን የምተነፍስበት ቱቦ ተሰክቷል። ጥርሴን በየት በኩል አየችው?»

እህቴ ሰሌዳውን ተቀብላ ደጋግማ አነበበች። ነጂው ሞተሩን ሊያስነሣ ጎንበስ አለ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር።

ጋሽ ይቅርን ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ጃኬቴን አውልቄ ደረብኩላቸው። «ይቅርብህ፣ ትታመማለህ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። አውልቀው እንዳይመልሱልኝ እስከ ወደቡ ድረስ ኮሌታውን ይዤላቸው ሄድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ የእህቴ ንዴት መኪናው ውስጥ አገረሸ። ሰውዬው ግትር ናቸው፣ በዚህ አካሄድ የምጨርሰው ጡረታ ስወጣ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትም ሆን ብዬ በቀልድ ነው፣ አለች። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ሳልታጠፍ ቀጥ ብዬ ነዳሁ። እሷ ተናግራ አልወጣላትም፤ እኔም ገና ሰምቼ አልጠገብኳትም።