የመታጠቢያ ቤቱ ከበባ ዜና

የቀድሞው አከራይ በተሻረ በሦስተኛው ዓመት፣ ባለ ሁለት በሩ ማቀዝቀዣ በነገሠ በመጀመሪያው ክረምት፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወራት፣ ክፉውን ሁሉ ሳይመጣ የምታይ፣ ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ሐኪም ቤት የሚታያት፣ እመ ወለት የተባለች የልጅቱ እናት የሠራችው ጀብዱ ይህ ነው።

ልጅቱ ባሕር ማዶ ካለች የብዕር ጓደኛዋ ጋር፣ ሁለቱም በትምህርት ቤት በተማሩት የባዕድ ቋንቋ ለዓመታት ስትጻጻፍ ኖራ፣ ሳቋንም ለቅሶዋንም በፖስታ ስታመላልስ ከርማ፣ ጓደኛዪቱ ክረምቱን አብራት ልታሳልፍ በመጣች ጊዜ የሁለቱም አፍ ተያዘ። በወረቀት ላይ እንደ ጅረት ይፈስ የነበረው ቋንቋ እንደ ደረቅ ዳቦ ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። በገበታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጨው ይቀባበላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ያቀረቅራሉ። እመ ወለትም ይህን አይታ፣ እንግዳዪቱ ነገ አገሬ መልሱኝ ትላለች፣ ልጄም ከእንግዲህ ሰው አትወዳጅም ብላ በልቧ ፈረደች፤ እንቅልፍም አጣች።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ በአንዲት ማለዳ እንግዳዪቱ ልትታጠብ ገብታ በሩን ስትቆልፍ፣ ቁልፉ ከመሐሉ ተሰብሮ ግማሹ በጉድጓዱ ቀረ። እርሷም ሰው እንዳታስቸግር ብላ ድምፅ አላሰማችም፤ እጀታው ብቻ ከፍ ዝቅ ሲል ታየ። እመ ወለት ግን ውኃው ጣሪያ ደርሶ፣ የእንግዳዪቱ ወላጆች ጥቁር ለብሰው ከአውሮፕላን ሲወርዱ ታያትና አዋጅ ነገረች፦ "በዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ ስሙ! ውኃ ዝጉ፣ ጋዝ ዝጉ፣ ጫማ አድርጉ፣ አናጢ ጥሩ!"

ሠራዊቷም ተሰለፈ። በቀኝ ባሏ፣ ፎጣ በትከሻው የጣለ፣ ከእንግዳዪቱ ቀጥሎ ተራ የያዘ፤ በግራ አማቷ፣ ጭልፋ የታጠቁ፤ በኋላ ደጀን የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ሳይጠሯት የምትደርስ። ባሏም እየተንደረደረ በሩን በትከሻው ቢገጥመው በሩ ድል አደረገው፤ እርሱም ትከሻውን እያሸ፣ "በሩ ጠንካራ ነው፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ" ብሎ አወጀ። አማቷም በፋንታቸው፣ "ድሮስ ልጄን በር ግጠም ያለው ማነው?" ሲሉ አወጁ፤ ዓይናቸው ግን በምራታቸው ላይ ነበር።

በዚህ መካከል ልጅቱ አይዞሽ ልትል ብትሞክር ቃሉ አልወጣ ብሏት፣ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ጻፈችና በበሩ ሥር አሾለከች። ወረቀቱም ተመልሶ ወጣ። ልጅቱ አንብባ ከት ብላ ሳቀች። እመ ወለት "ይነበብ!" ብላ ባዘዘች ጊዜ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ "አንድ ነገር በሩን ሲመታ ሰማሁ። አባትሽ ከሆነ ደህና ነው? ደግሞ የሒሳብ መምህራችሁን ወሬ አልጨረስሽልኝም።"

ልጅቱም በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የመምህሩን ወሬ ትጽፍ ጀመር፤ ወረቀቱ ሲመላለስ፣ ሳቁ ከውስጥም ከውጭም ሲሰማ ቆየ፤ ኋላም እርሳሱ አልፈጥን ሲላት አንዲት ቃል በአፏ ብትወረውር፣ ከውስጥ ሁለት ቃል ተመለሰላት።

አናጢው ያን ጊዜ ደርሶ መሮውን በደገነ ጊዜ፣ እመ ወለት በሩ አሁን ቢከፈት ዝምታው ተመልሶ እንደሚገባ አውቃ እጇን አነሣችና አዋጅ ነገረች፦ "አናጢው ይቀመጥ፣ ሻይም ይቅረብለት። የቸኮለው ሁሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጣ። እኔ ሳልፈቅድ ይህን በር የነካ እራቱን ራሱ ይሥራ!" ጎረቤቲቱ ይህን ሰምታ መጸዳጃዋን ልትቆልፍ ሮጠች። አናጢውም፣ "እመቤቴ፣ ሰው ተቆልፎበት ቆይ ስባል ዛሬ ገና ነው" ብሎ ተቀመጠ።

እመ ወለትም ጎርፉ፣ እሳቱ፣ የጣሪያው መደርመስ በየተራ እየመጡ ሲታዩዋት፣ እያንዳንዱን በሻይ እያወራረደች ዋጠች። ቀትር ሲሆን፣ ወረቀቱ ተረስቶ ሁለቱ ልጆች በበሩ ግራና ቀኝ እየተሻሙ ሲያወሩ፣ ለአናጢው ራሷን ነቀነቀችለት። እርሱም በሩን ከፈተ፤ ልጆቹም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በሁሉም መካከል አልፈው ወጡ፤ ማንንም አላዩም።

እነሆ እናወድሳታለን! እርሷ በረጋች ጊዜ አናጢ ታዘዘ፣ አማት ጭልፋቸውን ፈቱ፣ ባል ወደ ጎረቤት ተሰደደ። በር ያፈረሱ ጀግኖች ብዙ ናቸው፤ ሦስተኛ ስኒ ሻይዋን እየጠጣች፣ የተዘጋ በር እንደ ተዘጋ ያቆየች ግን እመ ወለት ብቻ ናት።