ሻጩ አልሸጥም ያለኝ መጽሐፍ

ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ መጽሐፍ መምረጥም የሚችል ይመስለዋል። አይችልም! ማንበብን አስተማሪ ያስተምራል፤ መምረጥ ግን ተሰጥኦ ነው። እኔ ታይፕ መምታትን ያለ አስተማሪ፣ ኮምፒውተርን ያለ ኮርስ፣ ሬዲዮ መጠገንን ያለ ሬዲዮ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከነገሌ እስከ ሞያሌ እንደኔ መጽሐፍ የሚመርጥ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

ነገሌ ያለችውን የጽሕፈት አገልግሎት ቤቴን ታውቋታላችሁ። ባታውቋት ጥፋቱ የናንተ ነው። ኮምፒውተሬ ታመመና ከክብረ መንግሥት የመጣ ጠጋኝ ውስጡን ጠራርጎ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነልኝ። ለማታውቁት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒውተሩ የቤት እመቤት ናት፤ ዕቃው የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አዲሷ እመቤት ታዲያ ቤቱን እንዳለ ገለባበጠችው። ጠጋኙ አሠራሩን ላሳይዎት ቢለኝ፣ ‹‹እኔን?›› ብዬ ሳቅሁበት። እሱም መንገዱን ወደ ዶሎ ኦዶ ቀጠለ። ከሄደ በኋላ አማርኛ ልጽፍ ብቀመጥ... አማርኛ የለም! የቱንም ቁልፍ ብመታ የሚወጣው የፈረንጅ ፊደል ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጄ ሒሩት ልታገባ ነው። የሙሽራው አባት አቶ ደረጀ ያቤሎ ውስጥ የመንግሥት ሹም ናቸው። ሽማግሌ የተላከብን ዕለት የጥሪ ካርዱን በገዛ እጄ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ እንደምሠራው፣ ያቤሎም እንዲህ ያለ ካርድ አይታ እንደማታውቅ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናግሬያለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ደግሞ ካርዱ እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ለጫልቱ እንደምትሰጠው ቁርጡን ነግራኛለች። ጫልቱ ማለት ከፊት ለፊቴ ሱቅ ከፍታ፣ ዲፕሎማዋን በመስታወት አስገብታ የሰቀለች ልጅ ናት። የልጄን ካርድ ጫልቱ ከምትሠራው ሠርጉ ቢቀር ይሻለኛል። (ይህን ለሒሩት እንዳትነግሩብኝ።)

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣሁ። በገበያ ቀን ከሐዋሳ መጽሐፍ ጭኖ እየመጣ መሬት ላይ ሸራ የሚዘረጋ ነጋዴ አለ። ብቻዬን አልሄድኩም፤ ጎረቤቴን ኦቦ ጃርሶን ይዤ ሄድኩ። ጃርሶ የከብት ደላላ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ግን ጊደር ከሩቅ አይቶ የእናቷን ጠባይ ይነግራችኋል። ጊደርም ሆነ መጽሐፍ ደግሞ አመራረጡ ያው ነው።

ከነጋዴው ጋር አካም፣ ናጋ ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። እንደ አገራችን ደንብ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ መንገዱ ከጠየቅነው በኋላ ጉዳዬን ብነግረው፣ ነጋዴው ወዲያው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አነሣ። ለዚሁ ለአዲሱ ሲስተም የተጻፈች ናት፤ ሁሉን ነገር በሥዕል ታሳያለች፤ ከእሷ የተሻለ የለም እያለ አወደሳት። ጃርሶ እጅጌዬን ሳበኝ።

‹‹አትንካት።››

‹‹ለምን?››

‹‹አመሰገናት። ባለቤቷ በጠዋት የሚያመሰግናት ላም ስትታለብ የምትራገጥ ናት።››

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ደግሞስ ቅጥነቷ... ከድርቅ የተረፈች ነው የምትመስለው።

ጃርሶ ሸራውን ዞረው። ዐይኑ ያረፈው ነጋዴው ነፋስ እንዳያነሣበት የሸራው ጫፍ ላይ የጫነው አንድ ድልብ መጽሐፍ ላይ ነው።

‹‹ይቺስ?››

‹‹እሱ አይሸጥም፣ አባባ። አሮጌ ነው፤ አይጠቅማችሁም።››

ጃርሶ እኔን አየኝ፤ እኔም ጃርሶን አየሁት። ነገሌ ገበያ ላይ ‹‹አይሸጥም›› የተባለች ጊደር ምን ዓይነት እንደሆነች ማን ያጣዋል? ለቤቱ ያስቀራት ምርጧ ናት! ሰውዬው አሮጌ ነው እያለ በማለ ቁጥር እኛ ጓጓን። በመጨረሻ ጃርሶ ፎጣውን በነጋዴው እጅ ላይ ጣል አድርጎ፣ ደላሎች እንደሚያደርጉት ዋጋውን ከሥር በጣቱ ሊነግረው እጁን ጨበጠው። የሐዋሳ ሰው ይህን ከየት ይወቀው? ደንግጦ እጁን መነጨቀ።

‹‹በቃ ውሰዱት›› አለ። ‹‹ግን አልነገረንም እንዳትሉ።››

አሸንፈን ተመለስን።

ቤት ገብቼ ብገልጠው መጽሐፉ ‹‹በመጀመሪያ ሲዲውን ያስገቡ›› ይለኛል። የኔ ኮምፒውተር ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም! ሥዕሎቹም ከስክሪኑ ጋር ጨርሶ አይተዋወቁም። ለካ መጽሐፉ የተጻፈው ለአዲሷ እመቤት አያት ኖሯል! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ...

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን ዓርብ ጠዋት መጽሐፌን በብብቴ ይዤ ጫልቱ ሱቅ ገባሁ።

‹‹ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?››

ኮሌጅ ውስጥ ያስተማሯት ሁሉ ከዚህ ትልቅ መጽሐፍ ጋር እንደማይስማማ ሰምቼ እንዳዘንኩላት ነገርኳትና፣ ስለ አማርኛ አጻጻፍ የሚለውን ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሲዲው ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

‹‹ይኼ ድሮ ቀርቷል፣ ጋሼ።››

‹‹መጽሐፉ ነው የሚለው።››

‹‹መጽሐፉ ተሳስቷል።››

‹‹እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ገጽና ከአንቺ ማንን ልመን?››

ፊቷ ቀላ። ‹‹ኮታ፣ ወዲህ ይምጡና ይዩ›› ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ሴቲንግ ውስጥ ገባች፤ ቋንቋ የሚለውን ከፈተች፤ ከዝርዝሩ አማርኛን መርጣ ጨመረች። አላመንኩም፣ ድገሚው አልኳት። በንዴት ደገመችው። እኔም ‹‹ቢሆንም መጽሐፉ ይሻላል›› ብዬ ወጣሁና ሱቄ ገብቼ እንዳየሁት አደረግሁ። አማርኛዬ ከች አለች! ካርዱ ለቅዳሜ ደረሰ፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ አበባ ያለው። አልማዝ አገላብጣ አየችውና የሚነቀፍ ነገር ብታጣ ፖስታ ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

በሠርጉ ዕለት አቶ ደረጀ በሰው ሁሉ ፊት ካርዱን አመሰገኑ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ የእሳቸውም ቢሮ አዲስ ሲስተም ተጭኖ ሰው ሁሉ እንደተደናገረ ነገሩኝና በየትኛው መጽሐፍ እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ጫልቱ ከጎናችን ተቀምጣለች። ማኘኳን አቁማ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። አሁን ብትናገር ክብሬ በልጄ ሠርግ ላይ አፈር ሊበላ ነው!

‹‹መጽሐፉን ራሱን እሰጥዎታለሁ›› አልኳቸው።

ጫልቱን ትን አላት። ጀርባዋን እስኪመቷት ድረስ መናገር አልቻለችም፤ እኔም ጊዜ አላጠፋሁም።

‹‹ብቻዎን እንዳያነቡት ብቻ›› አልኩ። ‹‹ቢሮዎ ውስጥ በኮምፒውተር ከኔ በላይ ላሣር የሚል ሰው አይጠፋም። አጠገቡ ቁጭ ይበሉና ጮክ ብለው ያንብቡት።››

ከሰነበተ በኋላ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቅር ያለው ነው።

‹‹ከዚህ መጽሐፍ አንድ ትክክለኛ ነገር አላገኘሁም። ገና አንድ መስመር ሳነብ ቢሮው በሙሉ ተነሥቶ ሲያርመኝ ዋለ።››

‹‹አማርኛውስ?››



‹‹አማርኛውማ... መጣ።››

ስለዚህ ምክሬን ስሙ። ትክክለኛ መጽሐፍ ቢበዛ አንድ ተማሪ ያወጣላችኋል፤ ስህተት የሞላበት መጽሐፍ ግን ቢሮ ሙሉ አስተማሪ!