አልሞት ያለው ዝግባ

የቡራዩ የሀገር በቀል ዕፅዋት ወዳጆች ማኅበር እንደ አንዳንድ ግብታዊ ስብስቦች ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ በመትከል የተጀመረ አይደለም። የተጀመረው በመተዳደሪያ ደንብ ነው። መሥራቾቹ የተከበሩ፣ የበሰሉ፣ ስለ ባሕር ዛፍ ሲወራ ደማቸው የሚፈላ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእድር በቀር በሌላ ማኅበር ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ አቶ ኪዳነወልድ ጊዜ ሳያባክኑ የሰፈራቸውን እድር ደንብ አስመጡና፣ «ቤተሰብ» የሚለውን እየሰረዙ «ተክል» እያሉ አስተካከሉት። ጉባኤውም በሞቀ ጭብጨባ አጸደቀው።

በደንቡ መሠረት የአባል ተክል ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አባላትም እስከ ሰልስት ድረስ አብረው ይቀመጣሉ። የቀረ ይቀጣል። ተክሉ በሕይወት ሳለ ምን እንደሚደረግለት ግን ደንቡ አንዲት ቃል አይተነፍስም። እድር ከመቼ ወዲህ ነው በሕያዋን ጉዳይ ጣልቃ የሚገባው?

ኦቦ ባጫ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ወደ ማኅበሩ የገቡት ዛፍ ስለሚወዱ ነበር። ይህ የግንዛቤ ጉድለት ኋላ ብዙ መዘዝ አመጣባቸው።

የመጀመሪያው ኀዘን የወደቀው በራሳቸው በሊቀ መንበሩ ላይ ነው። ኮሷቸው በክብር ከተተከለበት ቀን ወዲህ ውኃ የሚባል ነገር ሳያይ ከርሞ አንድ ማለዳ ደርቆ ተገኘ። ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ። በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ኧረ! ትናንት ደህና አልነበር እንዴ?» የሚል መልእክት ጎረፈ። ድንኳኑ ውስጥ የሟች የሕይወት ታሪክ ተነበበ፦ «ወጣት ኮሶ በችግኝ ጣቢያ ተወልዶ፣ በፌስታል ውስጥ በእንክብካቤ አድጎ፣ ለወገኑ ጥላ ለመሆን በዝግጅት ላይ ሳለ በድንገት ተቀጨ። ጠባዩ ዝምተኛ ነበር። ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም።» ሴቶቹ የየራሳቸውን ኀዘን እያስታወሱ ከልባቸው አለቀሱ። ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ አመሹ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ለቅሶ ማማር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ለቅሶ አማረው። ወይራ ደረቀ፣ ጥድ ደረቀ፣ ብሳና ደረቀ። አንዱ አባል ዋንዛውን ከነፌስታሉ ቀበረና ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሌላው ጥዱ ላይ የጎረቤት ፍየል ጋበዘበት። አባላት መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ «ያንተስ መቼ ነው?» መባባል ጀመሩ። ማኅበሩ በዓመታዊ ሪፖርቱ «የአባላት ተሳትፎ ከምን ጊዜውም በላይ ደምቋል» ሲል የጻፈው እውነቱን ነው።

የባጫ ዝግባ ግን አልሞት አለ።

ጥፋቱ የራሳቸው የባጫ ነበር። ዙሪያውን በእሾህ አጥረውለታል፤ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን የሚታጠቡትም እሥሩ ቆመው ነው። ልጆቻቸው ዱከም ፋብሪካ ሥራ ይዘው ከሄዱ ወዲህ ግቢው ጭር ስላለባቸው፣ ሲነሡ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት እሱን ሆኗል። ይወዱት ነበር። ሌላ ምንም ምክንያት የላቸውም፤ ይወዱት ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ግን አንገታቸውን ደፉ።

«አንተ ሰውዬ፣ የስንቱን ሰው ቤት እዝን ተሸክሜ ደረስኩ? እኛን ማን ደረሰን?»

«ተረፌ፣ ያልሞተውን ምን ላድርገው?»

«እንደ ሰው ተወዋ! ማን ነው ከአንተ በቀር ውኃ የሚያጠጣ? ጎረቤት እኮ ‹ምነው እነ ባጫ ቤት ኀዘን አይገባም፣ ምን ቢያደርጉ ነው?› ይለናል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የማኅበሩ ዝና ከቡራዩ አልፎ ሰበታና ሱሉልታ ደረሰ። የሁለቱ ከተሞች እኅት ማኅበራትም ለልምድ ልውውጥ ቅዳሜ እንደሚመጡ አሳወቁ። የሚፈልጉት የሚወራለትን ለቅሶ በዓይናቸው ማየት ነው። ኮሚቴው ባነር አሳተመ፣ ድንኳን አዘጋጀ፣ ሽንብራ ዘፈዘፈ። ሁሉም ነገር ከተሟላ በኋላ ነው ሟች እንደሌለ የታወቀው። አባላቱ ከሚጠበቅባቸው በላይ ስለሠሩ በመላው ማኅበር የቀረ ተክል አንድ ብቻ ነበር።

አቶ ኪዳነወልድ ኮሚቴውን አስከትለው ባጫ ግቢ ገቡ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ባጫ?»

«ገለታ ዋቃ፣ ደህና ነን። ግቡ፣ ግቡ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ዝግባው ጠጋ ብለው ቅጠሉን ዳበስ፣ ግንዱን ነካ ነካ አደረጉ። «ታዲያ ይሄስ እንዴት ነው?»

«በጣም ደህና! ዘንድሮማ አጥሩን አልፎ ሄደ።»

አቶ ኪዳነወልድ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተስፋ የለውም በሉኛ።»

«የምኑ ተስፋ?»

«የመሞቱ።»

ባጫ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ሊቀ መንበሩ ግን በስብሰባ ድምፃቸው ቀጠሉ፦ «ኦቦ ባጫ፣ ቅዳሜ እንግዳ አለብን። የእርስዎ ዝግባ ከማኅበሩ የጋራ ጥቅምና ከራሱ የግል ምቾት አንዱን የሚመርጥበት ሰዓት ላይ ደርሷል። ምንም ያድርጉ አላልንም። ውኃውን ብቻ ይተዉለት።»

«በሱማ አይሞትም» አሉ ባጫ ኩራት ቢጤ እየተሰማቸው። «ሥር ሰዷል።» ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ።

«እንግዲያው» አሉ ሊቀ መንበሩ ወደ ኮሚቴው ዞር ብለው «በመጥረቢያ ይታገዛል።»

ይህን ጊዜ ጓዳ ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩት ወይዘሮ ተረፈች ማማሰያ እንደያዙ ከተፍ አሉ። ለሳምንታት ሞቱን ሲመኙለት የከረሙት ሴት መጥረቢያ የሚለውን ሲሰሙ ማማሰያውን ሊቀ መንበሩ ላይ ሰበቁ።

«ማን ነው ዝግባዬን የሚነካ? እስቲ ጠጋ ይበላ!»

«ወይዘሮ ተረፈች፣ ደንብ ነው። የአባል ተክል...»

«አባል ባልሆንስ?» አሉ ባጫ በድንገት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በማኅበሩ ታሪክ ቀርቦ አያውቅም።

«ከማኅበሩ ወጥተው የት ይገባሉ?» አሉ አቶ ኪዳነወልድ ከልባቸው ተጨንቀው።

«ቤቴ።» ባጫ ከልብስ ማስጫው ላይ የማኅበሩን ቲሸርት አወረዱና እርጥቡን አስታቀፏቸው።

ቅዳሜ ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ባጫ ከአልጋቸው ዘለው በመስኮት ሲያዩ ድንኳን የሚተከለው እሳቸው በር ላይ ነው። ዝግባውን ሊወስዱ የመጡ መስሏቸው በባዶ እግራቸው ወደ ጓሮ ሮጡ። ዝግባው በቦታው ቆሟል። ግራ ተጋብተው ወደ በሩ ተመለሱ። በሩ ላይ ከሱሉልታ የመጣ ጃለታ የሚባል ጎልማሳ አንገቱን ደፍቶ አገኙት።

«የሟች ወንድም ነዎት?» አላቸው።

«የየትኛው ሟች?»

«የኦቦ ባጫ።»

«ባጫ እኔ ነኝ።»

ጃለታ ትንሽ አሰበና እቅፍ አደረጋቸው። «እግዜር ያጽናዎት፣ አባቴ። ለእርስዎ ነው የሚከብደው።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ተክል የታጣበት ኮሚቴ ሌሊቱን ሲመክር አድሮ፣ የማኅበሩ ብርቱ አባል መለየት ከአንድ ዝግባ መድረቅ የላቀ ኀዘን መሆኑን በአብላጫ ድምፅ ወስኗል። ለቅሶ ደግሞ የሚቀመጡት በባለቤቱ ቤት ነው። ባጫ ተይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ ተዘገነላቸው። አቶ ኪዳነወልድም ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው የሕይወት ታሪካቸውን ማንበብ ጀመሩ፦

«ኦቦ ባጫ ታታሪ፣ ትሑት፣ ሰዓት አክባሪ ነበሩ። ከመላው አባላታችን መካከል ተክል አጽድቀው ያሳዩ ብቸኛው ሰው ናቸው። ማኅበራችን እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይተካም!»

ባጫ በማኅበሩ ውስጥ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ መልካም ቃል ሰምተው አያውቁም ነበር። ንፍሮው አፋቸው ውስጥ እንዳለ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ወይዘሮ ተረፈችም ከሰው ሁሉ ይልቅ ደምቀው አለቀሱ። እዝን ሲሸከሙ የኖሩት ሴት እነሆ በመጨረሻ ተደረሰላቸው።

እንግዶቹ በጣም ረክተው ተመለሱ። ያዩትንም ለየማኅበራቸው እንዲህ ሲሉ አቀረቡ፦ ያማረ ለቅሶ ለማድረግ ተክል እስኪደርቅ መጠበቅ ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ የተሻለው ዘዴ ተክሉ የጸደቀለትን አባል መሸኘት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰበታ፣ ወይራዋ ጎረቤት ድረስ የሚታይላትን ሬሐናን በክብር ሸኘች። ሱሉልታም ጃለታን ሸኘች፤ ለካ ኮሶው ከቤቱ ጣሪያ በላይ ነበር። በሁለቱም ድንኳኖች ባጫ ልምድ ያላቸው ሟች እንደመሆናቸው በክብር እንግድነት ተጋብዘው ንግግር አደረጉ።

ሦስቱም ማኅበራት ዛሬ በሙሉ አቅማቸው በሥራ ላይ ናቸው።

ሦስቱ ሟቾች ደግሞ እሑድ እሑድ ባጫ ግቢ ይሰበሰባሉ። ባነር የላቸውም። ዘር ይለዋወጣሉ፣ ስለ አፈርና ስለ ፍየል ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ያፈሉት ችግኝ ሁሉ ለምልሞ ግቢው መግቢያ መውጫ አጥቷል። አንድ እሑድ ጃለታ ይህን ሁሉ ዙሪያውን እያየ ደስታው ገንፍሎ ብድግ አለ።

«ስሙኝማ! ይሄን ያህል ከሠራን ለምን ማኅበር አናቋቁምም? ሊቀ መንበር ኦቦ ባጫ ይሁኑ!»

ሬሐና አጨበጨበች። ባጫ «ኧረ ተዉ፣ እኔ ለዚህ አልበቃም» ብለው እጃቸውን አወራጩ። ከዚያ ግን ቀስ ብለው ተነሡ። የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ የዕፅዋት ወዳጆች፣ ክቡራንና ክቡራት...»

ወይዘሮ ተረፈች ይህን ሲሰሙ የያዙትን ሰፌድ ጥለው ሮጡና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዝግባው ፊት ቆሙ።