ሐጂ ኑሩን ብቻቸውን የተዋቸው ማን ነው?

ጅማ ውስጥ መንገድ ልትሄድ መሆኑን ስትናገር መጀመሪያ የሚጠይቁህን ልብ ብለህ ታውቃለህ? ለምን አይሉህም። በምን አይሉህም። «ከማን ጋር?» ነው የሚሉህ። ብቻዬን ካልክ ፊታቸው ይለወጣል፤ አንዱ ተነስቶ «ቆይ፣ የእኔም ልጅ በዚያ በኩል ጉዳይ አለው» ይልና ምንም ጉዳይ የሌለውን ልጁን ያስከትልሃል። እኔ በዜና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብዬ መጠየቅ አውቃለሁ። «ከማን ጋር» የሚለውን ግን ማንም አላስተማረኝም። ይህ ጉድለት አንድ ቀን ያስወቅሰኛል ብዬም አልጠረጠርኩም።

ጊንጆ ሰፈር በምኖርበት ግቢ የኋላውን ክፍል የተከራየችው ሰላማዊት ትባላለች። ከደሴ መጥታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እዚህ ትማራለች። ሥራዋ የተለያዩ አገሮችን ሥነ ጽሑፍ ማነጻጸር ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፏም በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስለተነሳው ዘመናዊ ጀግና ነው። ጀግና ስልህ ጦርና ጋሻ እንዳይመጣብህ። እሷ እንዳስረዳችኝ፣ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ልብ ወለድ ውስጥ አዲስ ዓይነት ሰው ብቅ አለ። ከገጠር ወጥቶ ትልቅ ከተማ ይገባል። የሚያውቀው የለም። በሕዝብ መሀል እየተጋፋ ብቻውን ነው። የሚታገለውም ከዘንዶ ጋር ሳይሆን ከቤት ኪራይ፣ ከምኞቱና ከራሱ ጋር ነው።

«ታዲያ ይኼማ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምኞት የለዎትም» አለችኝ።

አማካሪዋ ግን አንድ ነገር ያዘባት። ማነጻጸር ከሆነ የእኛው ሰው የት አለ? ያኔ እዚህ ልብ ወለድ ባይጻፍም ታሪክ በአፍ ይነገር ነበር። ስለዚህ በዚያው ዘመን ከዚህ አካባቢ ተነስቶ ወደማያውቀው ዓለም የገባ አንድ ብቸኛ ሰው ፈልጊ ተባለች። ካላገኘች ጽሑፉ አያልፍም። ካላለፈ ደግሞ ደሴ የሚጠብቃት የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሊሙ ገነት የሚኖሩትን አባ ፊጣን የማውቃቸው ስለ ቡና ስዘግብ ነው። ቅድመ አያታቸው ሐጂ ኑሩ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ቡና በበቅሎ ጭነው እስከ ባሕር ይወርዱ ነበር ይባላል። ሰላማዊትን ይዤያት ሄድኩ። ሽማግሌው ከማን ጋር መጣህ ሲሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነበረኝ።

አባ ፊጣ የራሳቸውን ከማውራታቸው በፊት የፈረንጁን ታሪክ አስነገሯት። በጥሞና ሰምተው ጥያቄ ጀመሩ። ከተማው ሲገባ ማን ተቀበለው? ማንም። እንዴት አንድ ያገሩ ሰው ይጠፋል? አባቱስ ለማን አደራ ሰጠው? ለማንም።

«ቆፋ ኢሳ?» አሉ ደንግጠው። ብቻውን? ማለታቸው ነው። «አስተግፊሩላህ! ምን አጥፍቶ ነው?»

ብቸኝነቱ እኮ ነው ጀግና ያሰኘው ስትላቸው ወደ እኔ ዞሩና ልጅቷ ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ከብዙ ወሬ በኋላ የምትፈልገውን አገኘች። አንድ ክረምት ጊቤ ሞላ። የሐጂ ኑሩ ጓደኞች ቀድመው ተሻገሩ። የሳቸው በቅሎ ግን ታመመችና ውሃው እስኪጎድል ወዲህ ማዶ ቀሩ። ሰላማዊት ቀና አለች። ብቻቸውን? አባ ፊጣ አመነቱ።

«በቅሎዋ ነበረች» አሉ።

ለሰላማዊት ይህ በቂ ነበር። አንድ ምዕራፍ በሙሉ በዚያ ወንዝ ዳር ገነባች።

ወሬው ግን ገበያ ወጣ። አንዲት ተማሪ ሐጂ ኑሩ ከማን ጋር እንደሄዱ እየጻፈች ነው ተባለ። እዚህ አገር የመንገድ ወሬ ስታወራ አንድ አብሮ ሂያጅ ብትዘል፣ ቤት ገብተህ ሁሉን ሰላም ብለህ አንዱን እንደማለፍ ነው። ሰው ወደ ጊንጆ በባጃጅ ይመጣ ጀመር። የአንዱ ቅድመ አያት ለሐጂ ኑሩ ሲሉ ወንዙን ተመልሰው ተሻግረዋል። የሌላው ለበቅሎዋ ሣር አጭደዋል። ከአጋሮ የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ አያቱ ከሐጂ ኑሩ ጎን አልተለዩም አለ። እኔም ልማዴ ነውና ዕድሜ አሰላሁ። አያትህ እኮ ያኔ ገና የሚታዘሉ ሕፃን ነበሩ አልኩት።

«ታዲያ ታዝለው ነዋ የሄዱት!» አለ፤ ምንም አላፈረም።

ወንዙ ዳር መቆሚያ ጠፋ።

ጽሑፉ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ብዙ ሰው አይመጣም። የሰላማዊትም እናት ደሴ ናቸው። ብቻዬን ብሆን አይከብደኝም ብላኝ ነበር። ይህን ለአባ ፊጣ በስልክ ነገርኳቸው። በቀጠሮው ሰዓት ከሊሙ ገነት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተደርድሯል። መኪና አጥቶ የቀረው ልብስ ሰፊው ነው።

ሰላማዊት በደንብ አቀረበች። ከዚያ ፈታኙ ለማንኛውም ተማሪ የሚቀርበውን ጥያቄ ጠየቃት። ይህን ሥራ የሠራሽው ብቻሽን ነው? ትክክለኛው መልስ አንድ ቃል ነው። አፏን ሳትከፍት አባ ፊጣ ብድግ አሉ።

«ቆፋ ኢሼ? ብቻዋን? ዋላሂ ውሸት ነው! ሁላችንም አብረናት ነበርን!»

«ኤዬ! አዎ!» አለ ከኋላ ያለው ሁሉ።

ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። በትምህርት ቤት ሕግ ይህ ሌላ ስም አለው። ሰላማዊት ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ማን ነው የጻፈው ብሎ እንግዶቹን ጠየቀ። እሷ ናት አሉ። ታዲያ እናንተ ምን ሠራችሁ?

«እንዳይጨንቃት አጠገቧ ነበርን» አሉ አባ ፊጣ።

ለሰላማዊት ያኔ ነው የገባት። መልሷን እንዳለ ጽፌዋለሁ። «እኔ ብቸኛ ሰው ፍለጋ ነው የመጣሁት። በመጻሕፍቱ ውስጥ ተራኪው ጀግናውን ብቻውን ትቶ ከሩቅ ያየዋል፤ አዲስ የሆነውም በዚህ ነው። እዚህ ግን ብቻውን የቀረ ሰው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ሐጂ ኑሩ ጊቤ ዳር ብቻቸውን ነበሩ። ብቻቸውን ነበሩ ብሎ ለማውራት የሚጨክን ሰው ነው ያጣሁት። ሐጂ ኑሩ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ሰው ግን ዛሬም እየሄደ አጠገባቸው ይቀመጣል።»

ፈታኞቹ ወጥተው ተመካከሩ። ሲመለሱ አልፈሻል፤ ምዕራፉን ግን አሁን ባልሽው መንገድ መልሰሽ ጻፊው አሏት። ደሴ ስትደውል እናቷ ገና በሰላምታው ላይ ብቻዋን እንደሆነች ጠየቋት መሰለኝ፤ መልስ ሳትሰጥ ስልኩን ወደ ጫጫታው አዞረችው።

በማግስቱ አጭር ዜና ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ ስለ ዘመናዊው ጀግና ያጠናችውን ጽሑፍ አቅርባ አለፈች የሚል ነው። አንድም ስህተት የለበትም። ከሊሙ ገነት ተደወለልኝ። አባ ፊጣ ሰላምታውን አሳጠሩት፤ ሲቀየሙ እንዲያ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ልጅቷን ዜናው ውስጥ ብቻዋን አስገባሃት?»

በሥራ ዘመኔ ማስተካከያ የማወጣው ስሳሳት ነበር። ትክክል ጽፌ ማስተካከያ ሳወጣ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። አብረዋት የነበሩትን ሁሉ በስም አወጣሁ። የመጨረሻው ስም የአጋሮው ልብስ ሰፊ ነው። እርግጥ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ግን ማን ጥሎት ይሄዳል?