የዱጋልድ በረንዳ ሲገለበጥ

ዘመንን በሚሊዮን የሚቆጥር ሰው አንዲት ሌሊት አልነጋ ስትለው ምን ይውጠዋል? ዱጋልድ ይህን ያየው በጎረቤቱ በሬግ ፔንግሊ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም። በፍሊንደርስ ተራሮች ሥር የሚኖሩት በግ አርቢዎች የራሳቸውን፣ ማለትም ሬግን፣ «ክቡር ሚሊዮን» ይሉታል። ክቡርነታቸውም ዝናብ ጠፋ ብሎ ለሚያማርር ሰው፣ ምድር ከዳር እስከ ዳር በረዶ ስለለበሰችበት ዘመን ይተርኩለታል። ድርቅ የዱጋልድን ግማሽ መንጋ ሲፈጅ ሊያጽናኑት መጥተው፣ «አንድ ዘመን ላይ ከባሕር ፍጥረት ከአሥሩ ዘጠኙ አልቋል እኮ» አሉት። በአንድ ቀብር ላይ ቄሱ «አፈር ነህና» ሲል፣ ክቡርነታቸው ከኋላ ሆነው «ከዚያ በፊት ግን ዓሣ» ብለው አንሾካሾኩ።

የሚያስቆማቸው ሚስታቸው ሜቪስ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ልቧ ታመመና ሐኪሞች በአውሮፕላን ወደ ሩቁ ከተማ ወደ አዴሌይድ ወሰዷት። በአውሮፕላኑ ላይ ለባል የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ያ የጠፋ ዝናብም ያን ሰሞን መጥቶ መንገዱን በጎርፍ ቆርጦታል። የቤቱ ስልክ ስለተበላሸ ሬግ የሚስቱን ወሬ ሊጠብቅ ከዱጋልድ ስልክ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለት ሌሊት አልተኛም። አንድም ሚሊዮን ከአፉ አልወጣም።

ዱጋልድን ያስፈራው ይህ ነበር። «እስቲ ስለዚያ በረዶ ንገረኝ» ቢለው እንኳ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

የዱጋልድ በረንዳ ከተራራው በተፈለጠ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። የጥንቶቹ ፍጥረታት አሻራ ያለው በድንጋዩ ሆድ በኩል ስለሆነ፣ አባቱ ያማረውን ፊት ወደ ላይ አድርገው ሲያነጥፉ እነሱን ከታች ቀብረዋቸዋል። ሬግ እንገልብጠው እያለ ዓመታት ለምኗል፤ ዱጋልድም አባቴ ያነጠፉትን ማንም አይነካውም ሲል ኖሯል።

ከሁለተኛው ሌሊት በኋላ ጎሕ ሲቀድ ዱጋልድ ድጅኖ ይዞ ወጣ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ ሬግ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ና አግዘኝ፤ ወገቤን ልትቆርጠው ነው?»

የመጀመሪያው ድንጋይ ባዶ ነበር። ሁለተኛውን ሲገለብጡት የጠዋት ፀሐይ በአግድም መታውና መዳፍ የምታህል፣ እንደ ቅጠል ጅማት ያላት አንዲት ፍጥረት ብቅ አለች። ሬግ ተንበርክኮ በሸሚዙ እጅጌ አቧራዋን ጠረገላት።

«አፍ የላት፣ ዓይን የላት» አለ። «ለመኖር ግን ኖራለች፣ ዱጋልድ።»

ስልኩ ጮኸ። ያነሳው ዱጋልድ ነበር፤ ሬግ ከድንጋዩ አጠገብ አልተነሳም። የልቧ ቀዶ ጥገና ተሳክቷል፣ ሜቪስም ነቅታለች ተባለ። ዱጋልድ ወጥቶ ነገረው።

ሬግ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲል ጠየቀ። ሬግ ሰዓት ሲጠይቅ ዱጋልድ ሰምቶት አያውቅም።

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

ሬግ እዚያው ከድንጋዩ አጠገብ ክንዱን ተንተራሰ። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደው።